ሌሊት ሥራ የሚፈታው ማሽን

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቶሎ ትዝ የሚለው እዚያ ያለ ዘመድ፣ የመጋዘን ሥራ ወይም ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን የኢንሹራንስ ከተማም ናት። ግዙፉ ኔሽንዋይድ ዋና መሥሪያ ቤቱ መሀል ከተማዋ ላይ ነው፤ ትናንሾቹም ብዙ ናቸው። የኮምፒውተር ኩባንያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከካሊፎርኒያ ጋራዥ ይጀምራል፤ ስቲቭ ጆብስ አለመ፣ ስቲቭ ዎዝኒያክ ሠራ ብሎ ነገሩን በሁለት ግሥ ይዘጋዋል። ባለራእይ ሸሪክና ባለሙያ ሸሪክ ለአንድ ኩባንያ ምን ምን እንደሚያዋጡ መመዘን ለሚፈልግ ሰው ግን ከኮሎምበስ የሕይወት መድን ቢሮ የሚሻል መነሻ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ነገሩ በሁለት ግሥ አያልቅም።

ጊዜው 1969 ነው (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጎልደን ዩናይትድ የሚባል የሕይወት መድን ድርጅት ሥራውን የሚያቀላጥፍበት ኮምፒውተር አስፈለገው። የድርጅቱ መሥራች ሃሪ ጋርድ ነበሩ። የልጃቸው ባል ጄፍሪ ዊልኪንስ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ያጠና ወጣት ነው። እዚያው አብሮት የተማረው ጆን ጎልትዝ ደግሞ ማሽኑን ከውስጡ የሚያውቅ መሐንዲስ ነበር። በአማቹ ድርጅት ሥር ኮምፒዩ-ሰርቭ ኔትወርክ የሚል ስም ያለው ቅርንጫፍ ተቋቋመ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ስሙ አጥሮ ኮምፒውሰርቭ ሆነ። ጎልትዝ ከአሪዞና ጓደኞቹን መመልመል ጀመረ፤ ከእነሱ አንዱ ሳንዲ ትሬቨር ነው፣ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የአዲሱ ድርጅት ዓላማ ሁለት ነበር። አንደኛው የጎልደን ዩናይትድን የራሱን ሒሳብ መሥራት ነው። ሁለተኛው የተረፈውን የማሽን ጊዜ ለሌሎች ማከራየት። ነገሩ ለራሱ እህል ብሎ ወፍጮ የተከለ ሰው የጎረቤቱን እህል እያስከፈለ እንደመፍጨቱ ነው። ልዩነቱ የተከሉት ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ማስተናገድ መቻሉ ነው። ማሽኑ ፒዲፒ-10 ይባላል፤ ማሳቹሴትስ የነበረው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የሠራው ነው። የአንዱን ተጠቃሚ ሥራ ለቅጽበት ይዞ ይለቅና ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው፤ ዙሩ ፈጣን ስለሆነ ተርሚናል ፊት የተቀመጠው እያንዳንዱ ሰው ማሽኑ የእሱ ብቻ ይመስለዋል። ጎን ለጎን ደግሞ ማን ስንት ደቂቃ እንደቆየና ምን ያህል እንዳሠራ ይመዘግባል። በወሩ መጨረሻ ሒሳብ የሚወጣው ከዚህ መዝገብ ነው። ይህን የመቁጠር ልማድ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ ባለሙያው ጎልትዝ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ ዊልኪንስ ተካው።

እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ሙያተኛው ተሸነፈ፣ ነጋዴው አሸነፈ ማለት ይቀናናል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። አዲስ የኮምፒውተር ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያሳስበው ማሽኑ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ነው። የስልክ መስመሩ፣ ተርሚናሉ፣ ፕሮግራሙ፣ የሒሳብ መዝገቡ ሁሉ አንድ ላይ መቆም አለበት። ይህን የሚመልሰው ጎልትዝን የመሰለ ሰው ነው። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ያለው ጥያቄ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ወንበሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር የዞረው ጥያቄው ነው። ሁለቱ ሸሪኮች ይህን ተረድተው ከሆነ ሽርክናው ይቀጥላል፤ ካልተረዱ ግን አንዱ ተነጠቅሁ ይላል፣ ሌላው አዳንሁት ይላል፤ የብዙ ኩባንያ ጠብ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውሰርቭ አደገ። በ1975 ከወላጅ ድርጅቱ ተነጥሎ አክሲዮኑን ለገበያ አቀረበ። ደንበኞቹ ድርጅቶች ነበሩ፤ ድርጅቶች ደግሞ የሚሠሩት ቀን ነው። ማታ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የፈሰሰባቸው ማሽኖች ሥራ ይፈታሉ። ኪራዩ፣ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው፣ የጠባቂው ደመወዝ ግን ሌሊቱንም ይቆጥራል። በ1977 እነ አፕል ሁለትና ቲአርኤስ-80 ለግለሰብ ይሸጡ ጀመር። ዊልኪንስ እነዚህን ሁለት ነገሮች አገናኘ፤ ቤታቸው ትንሽ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች ማታ በስልክ መስመር ወደ ትልቁ ማሽን ቢገቡ የሞተው ሌሊት ገንዘብ ያመጣል አለ። በ1979 ማይክሮኔት የሚባለው አገልግሎት ተጀመረ፤ መግቢያ ጥቅሉን ሬዲዮ ሻክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ይሸጠው ነበር። በዓመቱ፣ በሐምሌ 1980፣ ኮሎምበስ ዲስፓች የተባለው የከተማዋ ጋዜጣ በዚሁ መስመር ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ መነበብ ጀመረ። ከአሜሪካ ጋዜጦች የመጀመሪያው እሱ ነው። የጊዜው ሞደም በሰከንድ የሚያሳልፈው ወደ 30 ፊደል ብቻ ስለነበር አንባቢው ጋዜጣው በስክሪኑ ላይ ሲንጠባጠብ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

ይህ ራእይ ነው? አዎ። ግን ምን ዓይነት ራእይ እንደሆነ ለማየት ማይክሮኔት በተጀመረበት ዓመት ቨርጂኒያ ውስጥ የተደረገውን ማስተያየት ይረዳል።

ዊልያም ቮን ማይስተር የሚባል ሰው በ1979 በጋ ዘ ሶርስ የሚባል አገልግሎት አስመረቀ። ምርቃቱ ላይ ታዋቂው ደራሲ አይዛክ አሲሞቭ ተገኝቶ ነበር። ቮን ማይስተር ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዜና እንደሚያነብ፣ ደብዳቤ እንደሚልክ፣ ዕቃ እንደሚገዛ አይቷል፤ ያየው ሁሉ ሆኗል። በራእይ ስፋት ከሆነ ዊልኪንስ አጠገቡ አይደርስም። ሆኖም ዘ ሶርስ የራሱ ማሽን አልነበረውም። ዳያልኮም ከሚባል ሌላ ድርጅት የኮምፒውተር ጊዜ እየተከራየ ነበር የሚሠራው። አዲስ አባል በመጣ ቁጥር የቮን ማይስተር ወጪ ይጨምራል። ኮሎምበስ ላይ ግን ማሽኑ በቀን ደንበኞች ገንዘብ ተከፍሎ ያለቀ ነው፤ የማታው አባል የሚያመጣው ብር አብዛኛው ትርፍ ነው። ቮን ማይስተር ብዙም ሳይቆይ ከራሱ ድርጅት ተገፍቶ ወጣ፤ ዘ ሶርስን ሪደርስ ዳይጀስት ገዛው፤ በ1989 ደግሞ ኮምፒውሰርቭ ገዝቶ ዘጋው።

እንግዲህ የዊልኪንስ ትልቁ ሐሳብ የተወለደው ከጎልትዝና ከጓደኞቹ ሥራ ውስጥ ነው። እነሱ ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ማሽን መርጠው፣ በስልክ መስመር እንዲደረስበት አድርገው፣ ደቂቃውን የሚቆጥር መዝገብ ሠርተውለት ባይሆን ኖሮ ሌሊቱን የሚሸጥበት ነገር አይኖረውም ነበር። ባለሙያው ሸሪክ ባለራእዩ የሚያየውን አድማስ ቀድሞ ይወስንለታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይህን ልብ አይሉትም። በተገላቢጦሹም ጎልትዝና ጓደኞቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ማሽኑ ሌሊት ሥራ መፍታቱን ሲያውቁት ኖረው፣ ለጥገና ይመቻል ብለው ይተዉት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥሩ መሐንዲስ ባዶ ማሽን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ፋታ ነውና።

እዚህ ላይ ሳንዲ ትሬቨር ይመጣል። በየካቲት 1980 ሲቢ ሲሙሌተር የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ከባድ መኪና ሾፌሮች ሲቢ በሚባል የመገናኛ ሬዲዮ በየመንገዱ ያወሩ ነበር፤ ትሬቨር ያንኑ በጽሑፍ አመጣው። አርባ ቻናል አለ፤ አንዱን መርጠህ ትገባለህ፣ የጻፍከውን እዚያ ያለ ሁሉ ያኔውኑ ያነባል። ዛሬ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሚደረገው ነገር ማለት ነው። ኮምፒውሰርቭ ሲሸጥ የነበረው መረጃና የማሽን ጉልበት ነበር፤ ሰዎች ግን በሰዓት እየተቆጠረባቸው ከማያውቁት ሰው ጋር ለማውራት ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አሉ። ወሬው ከድርጅቱ የገቢ ምንጮች አንዱ ሆነ። ይህን ራእይ ያየው በወንበሩ ባለራእይ የተባለው ሰው አልነበረም፤ ፕሮግራም ጻፊው ነው። ታዲያ ማን በየትኛው ዓምድ ይመዝገብ?

ይህ የዓምድ ችግር በታዋቂው ታሪክ ውስጥም አለ፤ ደግሞ በዚያው በፒዲፒ-10 ላይ የተፈጸመ ነው። ቢል ጌትስና ፖል አለን ሲያትል ውስጥ ገና ተማሪ ሆነው ፕሮግራም መጻፍ የተለማመዱት በዚህ ማሽን ነው። በ1974 መጨረሻ አልቴር 8800 የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር በመጽሔት ሽፋን ላይ አይቶ ወደ ጌትስ የሮጠው አለን ነበር። ጊዜው ደርሷል ያለው እሱ ነው። አልቴር እጃቸው ላይ ስላልነበረ አለን በሃርቫርድ ፒዲፒ-10 ላይ የአልቴርን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም ሠራ፤ ጌትስ አልቴር የቤዚክን ቋንቋ እንዲያነብ የሚያደርገውን ፕሮግራም ጻፈ፤ የአሥርዮሹን ስሌት ሞንቴ ዴቪዶፍ የሚባል ሌላ ተማሪ ሠራላቸው። ድርሻ ሲካፈሉ ጌትስ መጀመሪያ ስድሳ በመቶ፣ ኋላም 64 በመቶ ወሰደ። አየሁ ያለው ትንሹን፣ ኮድ የጻፈው ትልቁን ወሰደ ማለት ነው። አለን ቅሬታውን በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ተናግሯል። የዓለም ሕዝብ ግን ጌትስን ባለራእይ ብሎ መዘገበው። ባለራእይነት በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ለተገኘ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ የሚመስለኝ ጊዜ አለ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አያመልጥም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለው ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ሲቀለጥ ሐሳቡ የአፄ ቴዎድሮስ ነበር፤ ያቀለጡት ግን እነ ዋልድማየር፣ መድፍ ሠርተው የማያውቁ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንና ከሥራቸው የነበሩ አገሬዎች ናቸው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኞቹ ጋር ይውሉ እንደነበር ቢነገርም፣ የዋልድማየርን ስም ከመቶ አንባቢ ስንቱ ያውቃል? ከሥራቸው የነበሩትንማ ጠያቂም የለ። ለባለእጅ ክብር መንፈግ የቆየ በሽታችን ነውና ፈረንጆቹን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ሙያ በልብ ነው የሚለው ተረትም ለሙያተኛ ጨዋነት ቢሆንም፣ ድርሻ በሚጻፍበት ቀን ግን ክፉ ምክር ነው።

ሁለቱን በአንድ ሰው ውስጥ ማግኘትም ይቻላል። ራይድ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ራሷ ፕሮግራም ጻፊ ናት። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲያገኝ መደረጉ ሐሳብ ነው ወይስ የምህንድስና ውሳኔ? የአገሩን ኢንተርኔት ጠባይ ኮድ በመጻፍ ለቀመሰ ሰው ሁለቱ አይለዩም። እንዲህ ያለ ሰው ከሸሪክ ጋር መጣላት አያሰጋውም፤ የሚያሰጋው ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው።

ወደ ኮሎምበስ። ትሬቨር ከጊዜ በኋላ የምህንድስናው ኃላፊ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአባላቱ ኮምፒውተር ዓይነቱ በዝቶ ነበር፤ አፕል፣ ኮሞዶር፣ አይቢኤም። አንዱ ያዘጋጀውን ሥዕል ሌላው መክፈት አይችልም። ሥዕል ደግሞ ከባድ ነው፤ በዚያ ዝግተኛ ሞደም ሲመጣ አባሉ ደቂቃው እየተቆጠረበት ይጠብቃል። ይህን የመፍታቱ ሥራ ስቲቭ ዊልሃይት ለሚባል የድርጅቱ ፕሮግራም ጻፊ ተሰጠ። እሱ የደረሰበት መፍትሔ በሥዕሉ ውስጥ የሚደጋገመውን የቀለም ሰልፍ እየለየ በአጭር ኮድ የሚተካ ነው፤ ቀለሙንም ከ256 እንዳይበልጥ ገደበው። በሰኔ 1987 ወጣ፤ ጂፍ ተባለ። ኮምፒውሰርቭ የአሠራሩን ዝርዝር ለማንም በነጻ ሰጠ። ከዓመታት በኋላ ዩኒሲስ የሚባል ድርጅት ለማጨቂያው ዘዴ የፓተንት መብት አለኝ ብሎ ክፍያ በመጠየቁ ብዙ ንትርክ ተነሣ፤ ፓተንቱ አሜሪካ ውስጥ በ2003 ጊዜው አለቀ። ዛሬ በየስልካችን ላይ የሚንቀሳቀሱት አጫጭር ሥዕሎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ሥራ ነው። ዊልሃይት በ2013 ተሸለመ፣ በ2022 አረፈ። ያኔ ኮምፒውሰርቭን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር።

እስካሁን ለባለሙያው ያደላሁ መስያለሁ፤ በከፊል እውነት ነው። ስለዚህ የባለሙያው ሥራ ኩባንያውን ያሰረበትንም መናገር አለብኝ።

የኮምፒውሰርቭ አባል የሚታወቀው በቁጥር ነበር፦ አምስት አሃዝ፣ ኮማ፣ ከዚያ ጥቂት አሃዝ። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ስምንትም ዘጠኝም የለም። ምክንያቱ ፒዲፒ-10 ተጠቃሚዎቹን የሚመዘግበው በስምንት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ ነው። በ1969 ለመሐንዲሶች የተመቸው አሠራር በ1990ዎቹ የአንዲት አያት የኢሜይል አድራሻ ሆኖ ቀረ። ተፎካካሪው ኤኦኤል አባሉን ስምህን ራስህ ምረጥ ይለው ነበር። ኤኦኤል ከየት መጣ ቢሉ ቮን ማይስተር ከዘ ሶርስ ከወጣ በኋላ በመሠረተው በሌላ የከሰረ ድርጅት ፍርስራሽ ላይ የበቀለ ነው። እዚያ ስቲቭ ኬዝ ገበያውን፣ ማርክ ሰሪፍ ቴክኒኩን ይዘው ነበር።

ከቁጥሩ የከፋው የደቂቃ ቆጣሪው ነው። ኮምፒውሰርቭ ከተፈጠረ ጀምሮ የኖረው ጊዜ ቆጥሮ በመሸጥ ነው፤ የሒሳብ ክፍሉም፣ ኔትወርኩም፣ የሠራተኛው አስተሳሰብም በዚያ የተቃኘ ነበር። በታኅሣሥ 1996 ኤኦኤል በወር 19.95 ዶላር ክፈሉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ አለ። ይህን ሲል የሚችልበት መስመር አልነበረውም። አባላቱ በአንድ ጊዜ ተግተልትለው ስልኩ ለወራት ተይዟል እያለ መለሰላቸው፤ ክስም ቀረበበት። ጠንቃቃ መሐንዲስ የሚያስተዳድረው ድርጅት እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም ነበር። ኤኦኤል ግን አሸነፈ። ለሕዝቡ የሚሻለው መስመሩ እየተጨናነቀ ቢሆንም የማይቆጥርበት ነበር።

በዚህ ጊዜ ኮሎምበስ ላይ የሚከራከር ባለራእይ አልነበረም ማለት ይቻላል። ድርጅቱን በ1980 ኤች ኤንድ አር ብሎክ ገዝቶታል፤ ሥራው ለአሜሪካውያን የግብር ማስታወቂያ መሙላት ነው። ዊልኪንስ በ1985 ለቆ ሄዶ ኋላ ሜታቴክ የሚባል የሲዲ ማምረቻ ድርጅት መራ። ባለሙያዎቹ ጥሩ ኔትወርክ ሠርተው ነበር፤ ኔትወርኩን ለምን አዲስ ነገር እናውለው ብሎ በባለቤቱ ፊት ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ግን ጎደለ። ባለራእይ ሸሪክ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ላይ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት መልካም ነው። ባለሙያው የቀድሞ ውሳኔውን ራሱ ማፍረስ ይከብደዋል፤ አፍርሰው የሚለው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።

ሽያጩ በ1997 ተነግሮ በጥር 1998 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ገዢው ወርልድኮም የሚባለው የስልክ ኩባንያ ነው፤ ዋጋው ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን። ወርልድኮም ግን ኮምፒውሰርቭን ሙሉውን አላስቀረውም። የኮሎምበስ መሐንዲሶች የገነቡትን ኔትወርክ ለራሱ ያዘ፤ አባላቱንና ስሙን ለኤኦኤል አሳልፎ ሰጠ፤ በላዩም 175 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ኤኦኤል በምላሹ ያስረከበው ኤኤንኤስ የሚባለውን የራሱን የኔትወርክ ድርጅት ነው። ዊልኪንስና ጎልትዝ በ1969 አንድ ላይ ያጣመሩት ነገር በአንድ ውል ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ ሽቦው ለአንዱ፣ ሰዉ ለሌላው። ኤኦኤል ሽቦ ለምን ያስፈልገኛል፣ እከራያለሁ ብሎ ነበር የተስማማው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ቮን ማይስተር እንዳደረገው ማለት ነው። ወርልድኮምም በሐምሌ 2002 በሒሳብ ማጭበርበር ተጋልጦ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከሁለቱ ገዢዎች የትኛው በርካሽ እንደገዛ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።